ሰፈራችን ፈርሶ ቡድኑ ቀረ፤ አሁን ጎል እንሥራለት

የፒያሳ ልጆች፣ የትም ብትሆኑ ይቺን አንብቡልን።

ባለፈው እሁድ ልምምድ ላይ 14 ልጆች መጡ። በረኛው ሁለት ታክሲ ቀይሮ ነው የደረሰው። አንዱ ተከላካይ ሦስት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ በአንድ ግቢ የኖረ ጎረቤት በየአቅጣጫው ሄደ። እቁቡ ቆመ። እድሩም የሚገናኘው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ። እሁድ እሁድ እንደ ድሮው የሚገናኘው የኳስ ቡድናችን ነው። በእርግጥ ግማሹ አርፍዶ ነው የሚመጣው፤ እሱም እንደ ድሮው ነው።

ቡድናችንን ፌዴሬሽን አያውቀውም። የጀመረው በጨርቅ ኳስ ነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ይታጨቃል፣ በሲባጎ ይታሰራል፣ አለቀ። ሁለት ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል። ኳሷ ካመለጠች ቁልቁለቱን ይዛ ራስ መኮንን ድልድይ ትደርሳለች እየተባለ፣ ያስመለጠ ራሱ ያመጣ ነበር። ከዚያ በመዋጮ የቆዳ ኳስ ተገዛ። ከዚያ ማሊያ። የመጀመሪያው ማሊያ ታሪክ ያሳፍራል፤ ቀብድ የወሰደው ሰው በዚያው ጠፋ። እናቶች ድጋሚ አዋጥተው ነጭ ካናቴራ ገዙልን፣ ቁጥሩን በቀለም ራሳችን ጻፍንበት። መጀመሪያ እጥበት ላይ 7 ቁጥርና 1 ቁጥር አልለይ አሉ። በዚያ ካናቴራ የክረምት ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰን በሪጎሬ፣ በፍጹም ቅጣት ምት ማለት ነው፣ ተሸንፈናል። ሪጎሬ፣ ቴስታ (የጭንቅላት ኳስ)፣ ማሊያ፣ ታኬታ። የሰፈራችን ኳስ ዛሬም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።

ዛሬ ትልልቆቹ፣ ታዳጊዎቹና ሴቶቹ በሦስት ቡድን ይሠራሉ። ሴቶቹ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ አሁን ግን ከሁሉም በፊት ሜዳ የሚገኙት እነሱ ናቸው። ከዱራሜ ተነሥታ ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተችው ሎዛ አበራ ስሟ ከአፋቸው አይጠፋም።

«የሰፈር ቡድን ምን ይሆናል?» ለሚል ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የአራዳ ልጆች ቡድን ነበር። ስሙን የወሰደው ከአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የከተማው ውድድር ሲጀመር አርመኖቹ አራራትን፣ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስን፣ ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶን ይዘው ቀረቡ። እኛ ጊዮርጊስን። በዚያ ቡድን የተጫወተው ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን አሠለጠነ፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። የእኛ ልጆች እዚያ ይደርሳሉ አላልኩም። የእኛ ልጆች ለጊዜው በሰዓቱ ቢደርሱ ይበቃኛል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለልምምድ የምንጠቀምበት ክፍት ቦታ አግኝተናል፤ ግን በጊዜያዊነት ነው። ስለዚህ የምንሠራው ሁሉ ተነቃይ መሆን አለበት። ነገ ተነሡ ብንባል ጭነን እንሄዳለን። መነሣቱን እንደሆነ ለምደነዋል።

አንደኛው ጎል ነው። ደንቡ 7.32 ሜትር ወርድ፣ 2.44 ሜትር ቁመት ይላል። ለሁለቱ ጎሎች ፊት ብቻ 24.4 ሜትር ብረት ይፈልጋል። ቧንቧው የሚሸጠው 6 ሜትር 6 ሜትር ሆኖ ነው፤ በ4 ቧንቧ ሊያልቅ ሲል 40 ሳንቲ ሜትር ጎደለብን። ያቺ 40 ሳንቲ ሜትር ያናደደችኝን አልነግራችሁም። መደገፊያውና መሠረቱ ሲጨመር ብየዳ የሚሠራልን ልጅ 10 ቧንቧ ብሏል። የእጁን አይጠይቅም፣ ድሮ አጥቂያችን ነበር። መሠረቱ ላይ የምንቆጥበው ነገር የለም። ሳይደገፍ የቆመ የብረት ጎል ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወድቃል፣ ከወደቀ ደግሞ ይገድላል።

ሁለተኛው አሮጌ ኮንቴይነር ነው፣ ለመልበሻ። ሴቶቹ ልጆች ማሊያቸውን ከቤት ከልብሳቸው ሥር ለብሰው መጥተው፣ በላብ እንደራሰ ይዘውት ነው ታክሲ የሚገቡት። ወንዶቹ ዛፍ ሥር ይቀይራሉ። ለሴቶቹ ዛፉ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ መረብ፣ ሜዳውን የምናሰምርበት ኖራ፣ ውሃ የሚቋጥረውን ጥግ የሚሞላ አንድ ሲኖትራክ ገረገንቲ ያስፈልገናል። በብር ያልጻፍኩት ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ነው። «የአንድ ቧንቧ በእኔ» ወይም «የመረቡ ግማሽ በእኔ» ማለት ይበቃል። በግል የማትችሉ ሦስት አራት ሆናችሁ አንዱን ያዙ። ያገለገለ ታኬታ ያላችሁም አምጡ፤ 38 እና 39 ቁጥር በጣም ይፈለጋል።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ገደማ ለኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ስትሰባሰቡ የሰፈር ልጅ የሰፈር ልጅን ፈልጎ እንደሚያገኝ እናውቃለን። ያኔ አንድ ሰው ደብተር ይያዝና የሰጪውን ስም ይመዝግብ።

የማሊያውን ቀብድ ስለማንረሳው ገንዘቡን የሚያወጡት ሦስት ሰዎች ሲፈርሙ ብቻ ነው። አንዷ የእድራችን ገንዘብ ያዥ የነበሩት እናት ናቸው፤ ለማኅተም ወረቀት እንኳ ደረሰኝ የሚጠይቁ። የተገዛው ዕቃ ዋጋና ፎቶ በየወሩ ይላክላችኋል። የሒሳብ ቁጥሩን ከምታውቁት የቡድኑ ልጅ በቃል ተቀበሉ። ከማታውቁት ስልክ የመጣ ቁጥር ላይ አትላኩ፣ የእኔን ስም ቢጠራም።

አዲስ አበባ ያላችሁ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ሜዳ ኑ። ለትልልቆቹ ቡድን የግራ ተከላካይ ጎድሎናል። ዕድሜ አንጠይቅም።