የቅዳሜው ፊልም፦ ልጁና ጥቁሩ ፈረስ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ የምናየው «ዘ ብላክ ስታሊየን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

መርከብ ይሰምጣል። አሌክ የሚባል ልጅና አንድ ያልተገራ ጥቁር ፈረስ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ባሕሩ፣ አሸዋው፣ ሙዚቃው ብቻ። ልጁ የባሕር ሣር በእጁ ዘርግቶ ፈረሱን ይጠብቃል። ፈረሱ ይጠጋል፣ ይሸሻል፣ እንደገና ይጠጋል። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ትንፋሼ ቀጥ ይላል።

የደሴቱ ክፍል የተቀረጸው በጣሊያኗ ሰርዲኒያ ነው። የፈረስ እሽቅድምድሙም ደስ ይላል፤ አሰልጣኙን ሆኖ የተወነው ሚኪ ሩኒ ለኦስካር ታጭቶበታል። ለእኔ ግን ፊልሙ ደሴቱ ነው።

የመርከቡ መስመጥ ትንንሾቹን ሊያስደነግጣቸው ስለሚችል አጠገባችሁ አስቀምጧቸው።