ቡቺን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስልክ ላይ "ከውሻዬ ከቡቺ ጋር ለማደር ሐይቁ ዳር ካለውና ጫካው ውስጥ ካለው ካምፕ የቱን ልምረጥ?" ስትይኝ "ሁለቱም ጥሩ ናቸው" ብዬሽ ዘጋሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንቅልፌ መጥቶ ነበር። ሌሊት ነቅቼ ሳስበው ግን እንደዚያ ብሎ መዝጋት ደግ አልነበረም። ስልክ ላይ ደግሞ ስለምትቸኩይ ልጻፍልሽ።

ሁለቱም "የቤት እንስሳ ይፈቀዳል" ይላሉ ብለሽኛል። ሰው የሚሸወደው እሱ ላይ ነው። እኔ ተሸውጃለሁ። አንቺ ሳትወለጂ እናትሽና እኔ የድሮውን ውሻችንን ይዘን እንዲሁ ሐይቅና ተራራ ያለበት ቦታ ሄደን ነበር። ውሻ ይፈቀዳል ተብለናል። እውነትም ይፈቀዳል፣ ድንኳኑ አጠገብ! ሐይቁ ዳር ክልክል ነው። ወደ ተራራው የሚወጣው የእግር መንገድ ክልክል ነው። ውሻውን ድንኳን ውስጥ ብቻውን ትቶ መሄድም ክልክል ነው። እናትሽ ስትዋኝ እኔ ውሻ ጠባቂ፣ እኔ ተራራ ስወጣ እሷ ውሻ ጠባቂ ሆነን ሁለት ቀን አለፈ። ሁለታችንም አብረን ያየነው ነገር ቢኖር የካምፑን በር ነው።

ስለዚህ ስትደውይላቸው "ውሻ ይፈቀዳል?" አትበይ። "ቀን ቀን ከውሻዬ ጋር የት የት መሄድ እችላለሁ?" በይ። ዳሩን፣ የእግር መንገዱን፣ ጀልባውን አንድ በአንድ ጠይቂ። የሚከለክሉት ደግሞ ለክፋት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች እንኳ ብዙዎቹ ውሻን ካምፕ ውስጥ ይፈቅዳሉ፤ በአብዛኞቹ የእግር መንገዶች ላይ ግን አያስገቡም። ማሰሪያውም ከ1.8 ሜትር እንዲረዝም አይፈልጉም። ውሻ ባይናከስም የዱር እንስሳቱን ያስበረግጋል፤ መሬት ላይ የሚቀፈቅፉ ወፎች ጎጇቸውን ጥለው ይነሳሉ። ቡቺ ወፍ ሲያይ ምን እንደሚሆን ደግሞ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ሐይቁ ዳር ያለው ካምፕ ልብሽን እንደወሰደው ከድምፅሽ ገብቶኛል። ጠዋት ድንኳን ከፍቶ ውኃ ማየት ማን ይጠላል? እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልነዝንዝሽ ነው። ፀሐይ የበረታበትና ነፋስ የሌለበት ሰሞን ከሆነ፣ ቡቺን ከመኪና ሳታወርጂ ብቻሽን ሂጂና ውኃውን እዪው። አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ከመሰለ ወይም ዳሩ ላይ ወፍራም አረፋ ነገር ከተጠራቀመ፣ እግሩን እንኳ አይንከር። ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚሉት ነው፤ ሳይኖባክቴሪያ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ጉበትን፣ አንዳንዱ ደግሞ ነርቭን የሚመታ መርዝ አለው። ውሻን በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊገድል ይችላል። መርዝ ያለውንና የሌለውን በዓይን መለየት አይቻልም። ውኃውን ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም።

ሰው የሚረሳው ምን መሰለሽ? ውሻው ከውኃው ባይጠጣም ከወጣ በኋላ ጸጉሩን ይልሳል። መርዙን በዚያ በኩል ይውጠዋል። ሳታይው ከገባ፣ መላስ ሳይጀምር ወዲያው በንጹህ ውኃ እጠቢው። ካስታወከ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከተንቀጠቀጠ ነገ አይባልም፣ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ጨምሪ፦ ካምፑ የቧንቧ ውኃ አለው ወይ? ቅርብ ያለው የእንስሳት ሐኪም በመኪና ስንት ደቂቃ ይርቃል? ሁለተኛውን ሲመልሱ ከተንተባተቡ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

የተራራ ሌሊት ደግሞ ሌላ ነው። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ ደግሞ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው እየወረደ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ዝቅ ብሎ ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ቀን አምሮ ሌሊት የሚያንዘፈዝፈው። ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ያዢ። ቡቺ ሲዋኝ ውሎ እርጥብ እንደሆነ ከመሸበት፣ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ዓይን ዓይንሽን ያያል፣ ከዚያ ስሊፒንግ ባግሽ ውስጥ ይገባል። የእርጥብ ውሻ ሽታ ደግሞ እስከ ጠዋት አይለቅሽም። ፎጣ ያዢ፣ ወፍራም ፎጣ።

ቦታ ስትይዢ ጥግ ላይ ያለውን ጠይቂ። ወደ ሽንት ቤት የሚያልፈው ሰው ሁሉ በድንኳንሽ ፊት እንዳይመላለስ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ የኛው ቡቺ ግን ባልበላበትም ይጮሃል። ብዙ ካምፖች ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ አይፈልጉም። ማታ ስታስሪው ከድንኳኑ ጋር አትሰሪው። ያ የድሮው ውሻችን አንድ ንጋት ጥንቸል አይቶ ካስማውን ነቅሎ ሄደና ድንኳኑ እላያችን ላይ ወደቀ። እናትሽ አሁንም ታነሳብኛለች።

መኪና ውስጥ ትቼው ዳቦ ገዝቼ ልመለስ እንዳትይ። ውጭው 21 ዲግሪ ሆኖ ደስ የሚል አየር ቢሆንም፣ መኪናው ውስጥ በ10 ደቂቃ ወደ 32፣ በግማሽ ሰዓት ወደ 40 ይደርሳል። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ ብዙም አይረዳም። ውሻ እንደኛ ላብ አያልበውም፤ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው የሚበርድለት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን ያዢ፣ በር ላይ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ከእግር ጉዞ ስትመለሺ ደግሞ ጆሮው ሥርና በጣቶቹ መሃል ዳብሺው። ትንሽ እብጠት የመሰለሽ ነገር መዥገር ሊሆን ይችላል። ቆዳው ሥር ድረስ ወረንጦ አስጠግተሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ፤ አታጣምሚ፣ ዘይትም ሆነ እሳት አታስጠጊ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ጫካው ውስጥ ያለውን ትንሹን ካምፕ እመርጣለሁ። ሐይቁ ለመሄድ 15 ደቂቃ በእግር ነው ብለሻል። ቡቺ ደግሞ መንገዱን ይወደዋል። ውኃው ንጹህ ከሆነ ትገባላችሁ፣ ካልሆነም ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ዳሩ ላይ ብታድሪ ግን ሌሊቱን ሙሉ ገመዱን ይዘሽ ማደርሽ ነው።

ደውለሽላቸው ያሉሽን ንገሪኝ። ቅዳሜ ሳትሄጂ በኛ በኩል እለፊ፤ እናትሽ አሮጌውን ሰማያዊ ፎጣ አጥባ ለቡቺ አስቀምጣለታለች።

አባትሽ