ቲማቲሙ የት እንደበቀለ ይነገረኝ

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሱፐር ማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የታሸገ የቲማቲም ድልህን ይመለከታል

ሰኞ ገበያ አጠገብ ቁርስ ቤት አለኝ። ለፓስታና ለእንቁላል ስልስ የሚሆነኝን ሳልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በካርቶን ከእናንተ ስገዛ ኖሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት በወሰድኩት ቆርቆሮ ላይ የአስመጪው ወረቀት የፋብሪካውን ጽሑፍ ሸፍኖት አገኘሁ። ከየት አገር እንደመጣ ሒሳብ የምትቀበለውን ልጅ ብጠይቃት «እናቴ፣ ይሄን ማን ይጠይቃል?» አለችኝ። በእሷ አልተቀየምኩም። ቅሬታዬ መልሱን ማወቅ በሚገባችሁ በእናንተ ላይ ነው።

ለድልህ ከሚውለው የቻይና ቲማቲም አብዛኛው የሚበቅለው ሺንጂያንግ በሚባለው የአገሪቱ ምዕራባዊ ክልል ነው። ኡይጉር የሚባሉት የክልሉ ተወላጆችና ሌሎች ሙስሊሞች ተገደው ይሠሩበታል በሚል አሜሪካ የዚያን አካባቢ ቲማቲምና የቲማቲም ውጤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 እንዳይገባ አግዳለች። ድልሁ ግን በበርሜል ተጭኖ ሌላ አገር ይወሰዳል፤ እዚያ በቆርቆሮ ይታሸግና የዚያን አገር ስም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የታሸገበት አገር ብቻ ቢነገረኝ አይበቃኝም።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሰው ቤት ሠርታለች። በገባች ቀን ፓስፖርቷን ወሰዱባት፤ የአሥራ አንድ ወር ደመወዟን ሳይከፍሏት ተመለሰች። ያንን ሁሉ ጊዜ ያበሰለችውን ሲበሉ፣ እንግዶቻቸውም ሲጋበዙ፣ ይቺ ልጅ ይከፈላታል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ እንደነዚያ እንግዶች መሆን አልችልም።

ከሳልሳው አጠገብ የደረደራችሁት ዳቦ ላይ የሚቀባ ቸኮሌትም ያሳስበኛል። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በሁለቱ አገሮች የካካዎ እርሻ ጉልበታቸው የሚበዘበዝ 1.56 ሚሊዮን ሕፃናት እንዳሉ ገምቷል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አስከፊውን የሕፃናት ሥራ ከካካዎ እናስወግዳለን ብለው የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር!

አስመጪዎቻችሁን ቲማቲሙ የት እንደበቀለ በጽሑፍ ጠይቁልኝ፤ መልሱንም መደርደሪያው ላይ ለጥፉት። አላውቅም ካለ አስመጪ አትረከቡ። የፋብሪካውን ጽሑፍ የሚሸፍነው ወረቀትም ይነሳ።

እስከዚያው ከቆቦ የሚመጣውን ቲማቲም እየፈጨሁ እሠራለሁ። ከሰልም ጊዜም ይፈጃል፤ እችለዋለሁ። ያልከፈትኳቸውን ሦስት ካርቶኖች ከነደረሰኛቸው ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ። መልስ ከሌላችሁ ገንዘቤን መልሱልኝ።

ደንበኛችሁ፣
የቁርስ ቤቱ ባለቤት