ከወንዝ ቀንድ አውጣ እንዳታመጪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

የላክሽውን ፎቶ አየነው። ኩሬሽ ታምራለች፤ ውሃው ግን ጎመን የተቀቀለበት መስሏል። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገውን አልጌ እንዲበላልሽ ከበሬሳ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ልትለቅሚ መሆኑን ስሰማ ነው ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት። አደራ፣ እንዳታደርጊው።

ትንሽ ልጅ ሳለሽ ረግረጉ ዳር የምናሰማራቸው በጎች አገጫቸው ሥር እያበጠ፣ እየመነመኑ ያለቁብን ትዝ ይልሻል? ጎረቤቱ ሁሉ ቡዳ ነው አለን። ሐኪሙ የሞተችውን ከፍቶ ጉበቷን ሲሰነጥቀው ግን ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ወጣ። የትሉ እንቁላል ከበግ በጠጥ ጋር ይወጣል። ውሃ ውስጥ ተፈልፍሎ አንዲት ትንሽ ቡናማ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ተራብቶ ይወጣና ሣር ላይ ይጣበቃል። በጉ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል። አንቺ ደግሞ የኩሬውን ዳር ሣር እያጨድሽ ለፋሲካው በግ ትሰጫለሽ!

ክፋቱ፣ ያቺ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ናት። አንዷ ብቻዋን ገብታ ኩሬውን ልትሞላው ትችላለች። እንቁላሏም ንፍጥ መስሎ ቅጠል ላይ ስለሚለጠፍ ከረግረግ የተነቀለ ተክልም ይቅርብሽ።

የግድ ካልሽ ከጌጥ ዓሣ ሻጮች ግዢ፤ ስትመርጪም አፏን እይው። ወደ ቅርፊቷ ስትገባ የምትዘጋበት ክዳን ይኑራት። የጉበት ትሉን የምታስተላልፈውም፣ የቆላውን ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈውም ክዳን የላቸውም። አልጌ በመፋቅ የሚመሰገነው ኔራይት የሚሉት ነው። ጫጩቶቹ ጨው ያለበት ውሃ ካላገኙ ስለማያድጉ ኩሬሽን አይወርርም። አፕል የሚሏት ትልቋ ታምራለች፤ ከዘመዶቿ አንዷ ግን እስያ ውስጥ የሩዝ ማሳ እየበላች ገበሬውን አስለቅሳለች። ወንዝ ውስጥ እንዳትጥያት። ችግሩ ሁለቱም ሙቀት ወዳድ ናቸው። ሸዋ ሮቢት ብትሆኚ ይሁን እል ነበር፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ግን የሚችሉት አይመስለኝም።

ደግሞስ ቀንድ አውጣ የሚፍቀው ድንጋይና ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ነው። ውሃው ውስጥ ተበትኖ አረንጓዴ ያደረገውን አይነካልሽም። ፎቶው ላይ የዶሮ ቤቱ ከኩሬው በላይ ነው። ዝናብ ኩሱን እየጠረገ ያስገባልሻል፤ አልጌው የሚጠግበው በዚያ ነው። ፀሐዩም ቀኑን ሙሉ ያርፍበታል። ቦይ ቆፍረሽ ጎርፉን አዙሪ፤ ጥላ ሥሪለት። እንደ ክር የሚጎተተውን በእንጨት ጠቅልለሽ አውጪው።

እናትሽ «እንዶድ ትጨምርበት» ትላለች። ቀንድ አውጣ ለመግደል ልክ ናት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት ነው። ግን ዓሣም ይፈጃል፤ ልጆቹ ዓሣ እናስገባ እያሉ አይደል?

ለፋሲካ ስንመጣ አካፋዬን ይዤ እመጣለሁ። በጉን እስከዚያው ድርቆሽ አብይው።

አባትሽ