ይድረስ ለሰይዶ፣ ስለዚያች ጥር 11

ሰይዶ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ፣ እግዜር ይመስገን። አራት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ዛሬ ከየት ተገኘ ብትል እውነትህን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ደጋግመህ እንደደወልክ እህቴ ነግራኛለች። ዛሬ እደውላለሁ ስል ነገ፣ ነገ ስል ወር፣ ከዚያ በኋላማ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። አሁንም የምጽፍልህ ሰበብ ስላገኘሁ ነው፣ አልዋሽህም።

ሰበቡ ያ ዝናብ ነው። የ2000 ጥምቀት።

አንተ "ታቦቱ ሲመለስ ካፊያ መትቶናል፣ እናትህ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አርጋ ነበር" ትላለህ። እኔ ደግሞ በጥር ምን ዝናብ አለ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር እላለሁ። ለወትሮው ተሳስቀን የምንተወውን ነገር አንድ ምሽት ምን እንዳገነገነኝ እንጃ፣ ኢንተርኔት ላይ ገብቼ የደሴን የአንዲት ቀን አየር በየዓመቱ የሚያወጣ ሰንጠረዥ አገኘሁና "ጃንዋሪ 19፣ 2008፣ ዝናብ የለም" የሚለውን ስክሪንሾት አንስቼ ከነፉከራዬ ላክሁልህ። አየኸው። አልመለስክም። እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሳምንት ቤት ሳጸዳ የ2016 ካሌንደር ከግድግዳ አወረድኩ። እናቴ ለሥዕሉ ብላ አልነቅልም ያለችው ነው። ጥር ላይ ዓይኔ አረፈ። 11 ትላለች፣ ከሥሯ በትንሹ 20። አስራ ዘጠኝ አይደለም እንዴ ጥምቀት? ከዚያ ዘመነ ዮሐንስ የሚለውን አየሁ። በሉቃስ ዓመት ጳጉሜ 6 ስትሆን አዲሱ ዓመት በፈረንጆቹ አንድ ቀን ይዘገያል፣ እስከ የካቲት ድረስም ሁሉም ቀን እንደተገፋ ይቆያል። 2016 ዮሐንስ ነው። አራት አራት እያልኩ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ 2012፣ 2008፣ 2004፣ 2000።

ገባህ? እኔ ያሸነፍኩህ በከተራ ቀን ነው! ለጥር 11 ክርክር የጥር 10ን ወረቀት አቅርቤ ፎከርኩብህ።

ወዲያው የ20ውን ልከፍት ስል ግን ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አየሁ። ቁጥሩ ደሴ ላይ በመሣሪያ የተለካ አይደለም። በኮምፒውተር ሞዴል ተሰልቶ የወጣ ነው። ምድርን በካሬ በካሬ ይከፋፍሏታል፣ የአንዱ ካሬ ጎን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ለካሬው አንድ ቁጥር ይሰጡታል። 30 ኪሎ ሜትር! ደሴና ኮምቦልቻ እኮ አንድ ካሬ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሐረጎን ስንወርድ ጃኬት የምናወልቅባት ጠመዝማዛ ትዝ አለችህ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች። በዚያች መንገድ ብቻ አራት ዲግሪ ያህል ይለያያል። ለሁለቱ አንድ ቁጥር መስጠት ለግመልና ለበግ አንድ ጭነት እንደ መስጠት ነው።

ሚትዮሮሎጂ የሚሠራ የማውቀው ልጅ አለ፣ ሄጄ ነዘነዝኩት። ሳቀብኝ። የእውነተኛ ጣቢያ መዝገብ ቢኖርህም እንደዚህ አይነበብም አለኝ። የዝናቡን ውሃ የሚለኩት ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ከሰዓት የወረደው በማግስቱ ነው የሚነበበው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ያንተ ካፊያ ደግሞ የዕቃውን አፍ አርሶ ሊደርቅ ይችላል። ያውም በዕቃው ላይ ከዘነበ ነው። ሸዋ በር ዘንቦ ፒያሳ አቧራ ሲቦን ስንት ቀን አይተናል።

ብርዱም እንደዚያው ነው። የከተራ ሌሊት ውጭ ያደርንበት ሜዳ ጨው የነሰነሱበት መስሎ ነጥቶ ነበር። ቴርሞሜትሩ ግን ሰው ደረት አካባቢ ከፍ ብሎ፣ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከዜሮ በላይ አራት አምስት ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል። መዝገቡ "ውርጭ አልነበረም" የሚል ቢመስልህ እግሬን ጠይቀው።

ለእኔ የሚያደላ አንድ ነገር አለ፣ ልደብቅህ አልችልም። 2000 በልጉ የከዳን ዓመት ነው። የአባትህ ገብስ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ግን ሦስት ወር ሙሉ ደረቅ የሆነ ወቅት ላይ አንዲት ካፊያ ጣል ማለት አያቅታትም። እንደውም ሰው ተስፋ የሚያደርገው በሷ ነው።

ስለዚህ ወደ ፎቶው ተመለስኩ። ያ ሦስታችን ያለንበት፣ አንተ እናቴ ያስያዘችህን ሎሚ ይዘህ ለማን እንደምትወረውር ግራ ገብቶህ የቆምክበት። ከጀርባችን ጥላ ተዘርግቷል። ይህን ስታነብ ደስ ሳይልህ አይቀርም፣ ግን የካህናቱ ጥላ ነው፣ በፀሐይም በዝናብም ይዘረጋል። የእናቴ ነጠላ ትከሻው ላይ እርጥብ ነው። እሱም አይረዳህም፣ ጠበል የተረጨ ለት ደረቅ የሚመለስ ማን ነው?

እሷን ጠየቅኳት። "ሰይድ ካለ ዘንቧል" አለችኝ፣ ሌላ ቃል የለም። እኔ ልጇ ነኝ እኮ።

ችግሩ ፎቶው ጉልበታችን ላይ ተቆርጧል። ወንድምህ ያነሳው ሌላ ነበረ አይደል? እንደውም ሙሉ ቁመታችን ያለበት፣ አንተ ያን ነጭ ሸራ ጫማ ያደረግህበት። ጅዳ ይዘኸው ሄደህ ከሆነ ፈልገውና ጫማህን አይተህ ንገረኝ። አቧራ ከሆነ እኔ፣ ጭቃ ከሆነ አንተ። ፎቶውን በዋትሳፕ ላከው፣ ቁጥሬ ያው ነው። ደግሞ ማታ ማታ ነው የምገኘው፣ ብትደውል አነሳለሁ።