ለቋሚ ኮሚቴው የነፈጋችሁት ቁጥር በእኔ ደረሰኝ ላይ አለ

ለ፦ የመንግሥት የነዳጅ ቧንቧ መስመር ድርጅት ዋና ሥራ አስፈጻሚ
ግልባጭ፦ ለምክር ቤቱ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ፤ ለዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ በመስመር ጉድለት ስም ስለሚቆረጥብን ነዳጅና ለምክር ቤቱ ስላልቀረበው መረጃ

ከዲፖአችሁ ናፍጣና ቤንዚን እየጫንኩ ለማደያዎች የማከፋፍል ደንበኛችሁ ነኝ። ይህን ቅሬታ ለመጻፍ የተነሣሁት ቋሚ ኮሚቴው የድርጅቱን አመራር ጠርቶ ባነጋገረበት ዕለት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ መልሳችሁን ከሰማሁ በኋላ ነው።

አንዲት የኮሚቴው አባል የጠየቁት ጥያቄ አጭር ነበር። በየወሩ ወደ መስመሩ የገባው ነዳጅ ስንት ነው? በሌላው ጫፍ የወጣውስ? የተሰጣቸው መልስ «መረጃው ገና እየተጠናቀረ ነው፤ ዝርዝሩም የንግድ ምስጢር ነው» የሚል ነበር። ሰብሳቢው ሰዓት አልቋል ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይህ ቁጥር ገንዘብ የሚቆረጥብኝ ቁጥር ነው።

ወር በገባ ቁጥር በምትልኩልኝ ሒሳብ ላይ «የመስመር ጉድለት» የሚል ተራ አለ። በውላችን መሠረት በጉዞ ላይ የጎደለውን ነዳጅ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ለደንበኞች አከፋፍላችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ነዳጅ ይተንናል። በአንድ ቧንቧ ውስጥ ቤንዚን ከናፍጣ ኋላ ሲገፋ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይደባለቃሉ፤ ድብልቁ ለብቻው መውጣት አለበት። ነዳጁ የሚለካበት ሜትርም የራሱ የስህተት ልክ አለው። ቅሬታዬ የ14 ወር ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ያየሁት ነው። በ14ቱም ወር የተቆረጠብኝ ልክ ጣሪያው ላይ ነው፤ አንድ ወር እንኳ ዝቅ አላለም። የተለካ ጉድለት እንዲህ አይሆንም። በሙቀት ወርና በብርድ ወር፣ መስመሩ ሙሉ በሠራበትና ለጥገና በቆመበት ወር እኩል ሊወጣ አይችልም። ሳይለካ እየተጻፈ ነው ብዬ ለማመን ተገድጃለሁ።

ባለፈው ወር ዲፖው ውስጥ ያየሁትም ይህንኑ ያጠናክራል። ቦቴዬ ተራው ደርሶ ሲጫን ሠራተኛው የመጫኛ ወረቀቱን እየሞላ የሙቀት መጠን የሚጻፍበትን ሣጥን በሰረዝ አለፈው። ስጠይቀው ቴርሞሜትሩ ከተሰበረ መቆየቱን፣ አዲስ እንዲገዛም ተጽፎ መልስ አለመምጣቱን ነገረኝ። በእሱ አልፈርድም። ነገር ግን ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ የተለካው መጠን ወደ 15 ወይም ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመልሶ የሚሰላው ለዚህ ነው። 40,000 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ወደ 330 ሊትር ገደማ ይቀንሳል። ቤንዚን ከዚያም ይብሳል። ሙቀቱ ካልተጻፈ ያ ነዳጅ ከማን ሒሳብ ላይ እንደጎደለ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሽያጭ ክፍላችሁ ጋር ተነጋግሬ በጨረስኩት። ጉድለቱ ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ ተጽፎ ካደረ እውነተኛው ሲጨምር በምን ይታወቃል? ቧንቧ ሲዝግና ሲያፈስ፣ ወይም ሌባ ቀዳዳ ሲከፍትበት፣ አንዱ ቀዳሚ ምልክት የገባውና የወጣው አለመመጣጠኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ናይሮቢ ውስጥ ሲናይ በተባለው መንደር ከመስመር ያመለጠ ቤንዚን ወደ ፍሳሽ ቦይ ገብቶ ተቀጣጠለና በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ ቆሰሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሜክሲኮ ውስጥ ትላዌሊልፓን ላይ ሌቦች በከፈቱት ቀዳዳ የሚፈሰውን ለመቅዳት የተሰበሰበ ሕዝብ በእሳት አልቆ ከ130 በላይ ሰው ጠፋ። የእናንተም መስመር ሰው በሚኖርበትና በሚያርስበት መሬት ሥር ነው የሚያልፈው። ኮሚቴው የጠየቀው ቁጥር የእነዚህንም ሰዎች ደኅንነት ይነካል።

የንግድ ምስጢር የምትሉትንም አልቀበልም። መስመሩ አንድ ነው፣ ባለቤቱ ሕዝብ ነው፣ ምስጢሩ የሚጠበቅበት ተፎካካሪ የለም። የሌላ ደንበኛ ውል ወይም ዋጋ ይውጣ አላልኩም። መንግሥት ብዙውን ድርሻ የያዘበት ድርጅት በንግድ ሕግ ቢቋቋም እንኳ ከበላይ ኦዲት ተቋም ምርመራ እንደማያመልጥ የዓለም የበላይ ኦዲት ተቋማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው የሊማ መግለጫ ጭምር ይላል። የኮሚቴው አባላት የሚጠይቁት እኛ በየዲፖው ተራ ይዘን መጠየቅ ስለማንችል ነው። ለእነሱ መልስ ስትነፍጉ ለእኛም ነፍጋችኋል።

ስለዚህ ያለፉት 14 ወራት የገባና የወጣ ነዳጅ መጠን በየወሩና በየነዳጁ ዓይነት፣ ሙቀቱና የሜትሮቹ የካሊብሬሽን (በትክክል መለካታቸው የተፈተሸበት) ምስክር ወረቀት ተያይዞ፣ ከቀጣዩ ስብሰባ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ለኮሚቴው እንዲደርስ እጠይቃለሁ። ባለፈው ጊዜ ሰነዱ ለአባላቱ የታደለው በስብሰባው ጧት ነበር፤ ያንን ያህል ገጽ ማንም አንብቦ ሊጠይቅበት አይችልም። ያለልክ የተቆረጠብኝ ካለ በተለካው መሠረት ታርሞ ይመለስልኝ። ዲፖው ላይ የሚሠራ ቴርሞሜትር እስኪገባ ድረስ ደግሞ ሙቀት ያልተጻፈበትን የመጫኛ ወረቀት አልፈርምም፤ ሾፌሮቼም እንዳይፈርሙ ነግሬአለሁ።

የ14ቱን ወር ደረሰኞች ቅጂና በሰረዝ የታለፈውን የመጫኛ ወረቀት አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የነዳጅ አከፋፋይ ደንበኛችሁ