91ዱ እንደራሴዎች ምን ብለው ነበር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። የምሠራው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ጠበቆች ናቸው። የተጠራቀመ ነጋሪት ጋዜጣ በፌስታል ይዘውልኝ ይመጣሉ። እኔ በቁጥሩ ቅደም ተከተል አደራጅቼ፣ በወስፌ በስቼ፣ በክር ሰፍቼ፣ ኮላ ቀብቼ፣ ካርቶንና ጨርቅ አልብሼ እመልስላቸዋለሁ። ሥራዬ መስፋት እንጂ ማንበብ አይደለም። ግን ገጽ እንዳይዘለል አንድ በአንድ መግለጥ አለብኝ። ስገልጥ ደግሞ ዓይኔ ዝም ብሎ አያልፍም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አይቼ የማላውቀው ነገር ተቃውሞ ነው። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ፣ መጨረሻው ላይ የፕሬዚዳንቱ ስም። በቃ። አንድ ሰው ተነሥቶ «ይሄ አንቀጽ አያስኬድም» ማለቱን የሚያሳይ አንዲት መስመር የለም። ይሁን፤ የነጋሪት ጋዜጣ ሥራው ሕጉን ማወጅ ነው። ተቃውሞውን መንገር የእናንተ የጋዜጦቹ ሥራ ነው፤ የጻፍኩላችሁም ለዚሁ ነው።

ሰሞኑን አንድ የሕግ ተማሪ መጣ። ሁለት አዋጆች አንድ ላይ እንድጠርዝለት ፈለገ። አንደኛው የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ነው። ሁለተኛው እሱን የሻረው የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1176 ነው። ቆሞ እየጠበቀኝ የአዲሱን መግቢያ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የቀድሞው ሕግ ክፍተት እንደነበረበት፣ የዜጎችን መብት እንደጎዳ ራሱ መንግሥት ጽፎታል። ልጁ ቀና አለና «ጋሼ፣ ይሄን በ2001 የነገራቸው ሰው አልነበረም?» አለኝ።

ነበረ እንጂ!

ኮላ ስቀባ ከሥር የማነጥፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ጠረጴዛዬ ሥር አንድ ክምር አለኝ፤ ዘንድሮ የወጣም ድሮ የወጣም ተደባልቆ ይገኝበታል። እሱን ስንበረብር፣ ኮላ ደርቆበት እንደ ቆርቆሮ የጠነከረ አንድ ገጽ አገኘን። አዋጁ በ286 ድጋፍ፣ በ91 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ ይላል። የጸደቀው ሰኔ 30 ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱ የሥራ ጊዜ የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው ስለሚል፣ እንደራሴዎቹ ለክረምት ሊበተኑ በመጨረሻዋ ቀን ነው እጅ ያወጡት። የጋዜጣው ዘገባ ቁጥሩን ከነገረን በኋላ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። 91 ሰው እጁን አውጥቶ የአንዱም ምክንያት የለም።

እስቲ አስቡት። ሕጉ ንብረት ማውደምንና የሕዝብ አገልግሎት ማወክን ሽብር ውስጥ ይከታል። አንቀጽ 6 ሽብርን ያበረታታል የተባለ ጽሑፍ ያተመን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስራል። የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምንጩ ሳይነገር ማስረጃ ይሆናል። በዚያ ሕግ ስንት ጋዜጠኛ እንደታሰረበት እኔ ለጋዜጣ አዘጋጅ አልነግርም። እነዚያ 91 ሰዎች የትኛውን አንቀጽ ይዘው እንደተከራከሩ፣ ሚኒስትሮቹ ምን ብለው እንደመለሱላቸው ልጁ ማወቅ ፈለገ። እኔም ፈለግሁ።

«ቃለ ጉባኤው ምክር ቤት አለ» ትሉኝ ይሆናል። ይኖራል። ቃለ ጉባኤ ለማየት ግን ደብዳቤ ይጠየቃል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ጋዜጣ ለማንበብ ሱቅ መሄድ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይብስ ቀጠነ። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። አንድ የግል ተመራጭ ገቡ፤ ከተቃዋሚ ደግሞ መድረክን ወክለው አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን። ያንን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ማታ ዜና ላይ ካሜራው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል፤ የእጅ ጫካ ነው። ከዚያ አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ «ተቃውሞ?» ሲሉ አንዲት እጅ ትወጣለች። ዜና አንባቢውም «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ወደ ስፖርት ይሄዳል። ባለቤቴ «ያ ሰውዬ ዛሬም አወጣ?» ትለኝ ነበር። አወጣ እላታለሁ። «ምን አለ?» ስትለኝ መልስ የለኝም።

እንዲህ የምብሰለሰለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የወጣው በዚያው ዘመን፣ በ2004 ነው። የእኔ ቤት ከአባቴ የወረስኩት ነባር ይዞታ ነው። ከውርስ ውጪ ቤቱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ መሬቱ ወደ ሊዝ ይገባል የሚለውን የሰማን ቀን ሰፈሩ ተንጫጫ። ዕድር ላይ ሁሉ ወሬው እሱ ነበር። እኔ በማግስቱ ጋዜጣ ገዝቼ የፈለግሁት ክርክሩን ነው። ያገኘሁት ግን የሚኒስትሩን ማብራሪያና የድምፁን ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ጋዜጣ እንደነበር አልናገርም፤ ዛሬ ማንንም ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት።

በነገራችን ላይ፣ አቶ ግርማ በኋላ የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽነር ሆነው ሲሾሙ ባለቤቴ ሳቀች። «አሁን እጁን ለምን ያወጣል?» አለችኝ። የእሷ ነገር።

ቁጥሩም ቢሆን ብቻውን ሲቀር ያሳስታል። የካቲት 23 ቀን 2010፣ በዓድዋ በዓል ቀን፣ ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ለማጽደቅ ተሰበሰበ። የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ የድጋፉ ቁጥር 346 ተባለ። ቆይቶ ተስተካክሎ 395 ሆነ። ተቃውሞው 88፣ ድምፀ ተአቅቦው 7። እኔ ገጽ ቆጥሬ የምበላ ሰው ነኝ፤ ማታ ወረቀት ይዤ ደመርኩት። በመጀመሪያው ቁጥር 441 ሰው፣ በሁለተኛው 490። 49 ሰው ከየት መጣ ብሎ አገር ተነጋገረ። እኔን የገረመኝ ግን 88ቱ ናቸው። ያኔ ምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ተቃዋሚ ፓርቲ አልነበረም፤ የ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ 88ቱ የራሱ የመንግሥት ወገን ሰዎች ናቸው። በዚያ ቀን አይሆንም ማለት ቀልድ አይደለም። ሙሉ ስም ዝርዝራቸውን አንድም ጋዜጣ ላይ አላየሁም።

በኋላ ደግሞ ጥቂትም ቢሆኑ ተቃዋሚዎች ተመለሱ። በ2013ቱ ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር አግኝተዋል። የተቃዋሚ እንደራሴ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ከተሰጠችው ሦስት ደቂቃ ሁለቱን በምስጋና ይጨርሳታል፤ በቀረችው ስለ አዋጁ ሳይሆን ስለ ወረዳው መንገድ ያወራል። እሱም ይጻፍ። የመረጠው ሰው ይወቅበት።

የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። «በዚህን ያህል ተቃውሞ ጸደቀ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ከሥሩ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ማን ተቃወመ፣ የትኛውን አንቀጽ፣ ምን ብሎ፣ ሚኒስትሩስ ምን መለሱ። የአንድ ማስታወቂያ ያህል ቦታ እንኳ አይወስድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ እንደራሴው ከሚገዛባቸው ነገሮች አንዱ ኅሊናው ነው ይላል። በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም ይላል። በዚህ ከለላ ሥር ሆኖ የተናገረውን እኛ ደጅ ያለነው ካልሰማነው ለማን ተናገረው?

የልጁን ጥራዝ ጨርሼዋለሁ። ጥቁር ጨርቅ አለበስኩት። በ652 እና በ1176 መካከል ስምንት ባዶ ገጽ ሰፍቼበታለሁ፤ የ91ዱን ክርክር ሲያገኝ በእጁ እንዲገለብጥበት። እናንተ በ2001 ትታተሙ ነበር። የዚያን ዓመት የሰኔና የሐምሌ እትሞቻችሁን ጠርዛችሁ አስቀምጣችሁ ከሆነ፣ ልጁን ልላከው? ካልጠረዛችኋቸውም ወደ እኔ ላኩልኝ። ክሩና ጨርቁ ከእኔ።

ከአክብሮት ጋር
መጽሐፍ ጠራዡ፣ ከልደታ